መቆም የማይቻልበት ብስክሌት

ሳጥኑ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። ፍራንክፈርት የምኖርበት ሕንፃ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ከጎረቤቴ ጋር በጎኑ አጋድመን ወደ ምድር ቤት አወረድነው። ካርቶኑን ከመቅደዴ በፊት ጥያቄያችሁ ስልኬን ሞልቶት ነበር። «ተኝተህ ነው እንዴ የምትነዳው?» «መንገዱ ይታይሃል?» «ዳገት ላይስ እንዴት ልትሆን ነው?» እስቲ ላስረዳችሁ። የዳገቱ ጥያቄ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የዚህ ብስክሌት ምስጢር ያለው እዚያ ነው።

ስሙ ሪከምበንት ነው። ነጂው ጀርባውን ሰፊ መደገፊያ ላይ ጥሎ፣ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይነዳዋል። በእኔው ላይ ፔዳሎቹ ከፊተኛው ጎማ ቀድመው ነው ያሉት፤ ፊተኛው ጎማ 20 ኢንች፣ ኋለኛው 26 ኢንች ነው። የሚቆረቁር ቀጭን ኮርቻ የለም፤ ክንድና አንገትም ሸክም አይሸከሙም። አንገቴን ሳልሰብር መንገዱን፣ ዛፉን፣ የሰውን ፊት አያለሁ።

በምትኩ ግን አንድ ነገር እናጣለን፤ መቆምን። በለመድነው ሳይክል ዳገት ሲመጣ ከኮርቻው ብድግ ብለን ፔዳሉን በሙሉ ክብደታችን እንጫነዋለን። እዚህ ክብደታችን በሙሉ መቀመጫው ላይ ነው። ፔዳሉን የምንገፋው ጀርባችንን መደገፊያው ላይ አጥብቀን ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ ከባድ ቁም ሣጥን በእግር እንደመግፋት ማለት ነው። ስገጣጥመውም ሆነ ዕቃውን ስቀይር የወሰንኩት ሁሉ ከዚህች ነጥብ ይነሳል።

ነገሩ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው ሻርል ሞሼ «ቬሎካር» የሚባለውን ሪከምበንት ሠርቶ ፍራንሲስ ፎር የሚባል ጋላቢ ነዳለት። ፎር ከዘመኑ ታላላቆች ተርታ የሚቆጠር አልነበረም። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 7 ቀን 1933 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄደ። ስዊዘርላንዳዊው ኦስካር ኤግ ከ1914 ጀምሮ ይዞት የቆየው ክብረ ወሰን 44.247 ነበር። በቀጣዩ ወር ሞሪስ ሪሻር በተለመደው ብስክሌት 44.777 ሄደ። በ1934 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ሪከምበንትን ከውድድር አገደና የጸደቀው አነስተኛው የሪሻር ቁጥር ሆነ። ይህ ውሳኔ ዛሬም ያንገበግበኛል። ያ እገዳ ባይኖር ኖሮ ይህ ብስክሌት ዛሬ በየሰፈሩ ይታይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፎርን ያስቀደመው አየሩ ነው። ፍጥነታችንን እጥፍ ለማድረግ አየሩን ለመሰንጠቅ ብቻ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ለነፋስ የምናሳየው ገላ ባነሰ ቁጥር ትርፉ ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ካናዳዊው ቶድ ራይከርት ሙሉ በሙሉ በሽፋን በተከበበ «ኢታ» በተባለ ሪከምበንት ኔቫዳ ውስጥ በሰዓት 144.17 ኪሎ ሜትር በርሯል፤ በእግሩ ጉልበት ብቻ።

ወደ ምድር ቤቱ ልመልሳችሁ። በተለመደው ሳይክል ኮርቻውን ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ እዚህ የሚሳበው የብስክሌቱ አፍንጫ ነው። ፔዳሎቹን የያዘው የፊት ቱቦ በዋናው ቱቦ ውስጥ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ልኩን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ዳሌዬን መደገፊያው ሥር ድረስ አስጠግቼ ተቀመጥኩ፤ ተረከዜን በጣም በራቀው ፔዳል ላይ አሳረፍኩ፤ ጉልበቴ ልክ ቀጥ እስኪል አፍንጫውን ሳብኩት። ከዚያ በእግሬ ፊተኛ ክፍል ፔዳሉን ስረግጥ ጉልበቴ ጥቂት እጥፍ ይላል። አፍንጫው ከራቀ ዳሌ ግራ ቀኝ ይዋዥቃል፤ ከቀረበ ጉልበት ያማል። ጉልበት ላይ የምጨቀጭቃችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በተለመደው ሳይክል የግፊታችሁን ልክ በአብዛኛው የሰውነታችሁ ክብደት ይወስነዋል፤ እዚህ ግን ከጀርባችሁ ግድግዳ አለ፣ ከክብደታችሁ በላይ መግፋት ትችላላችሁ። ልኩን ሳገኝ ቱቦው ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግሁና የፔዳሉ ዘንግ ከመሬት ጋር ትይዩ መሆኑን ከፊት ሆኜ አየሁ። ብሎኖቹን ያጠበቅኩት አምራቹ በጻፈው የኒውተን ሜትር ልክ በሚለካ መፍቻ ነው። ከላላ በእያንዳንዱ ግፊት አፍንጫው እያጠረ ይገባል።

ቀጥሎ ካቴናው። አንድ ካቴና አብዛኛውን ጊዜ 114 ወይም 116 ቀለበት አለው፤ እያንዳንዱ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔው ብስክሌት ሁለት ካቴና ተኩል፣ ወደ 3.6 ሜትር ገደማ ይፈልጋል! ካቴናው በላይም በታችም ስለሚሄድ አፍንጫውን 2 ሳንቲ ሜትር ብታስወጡ ካቴናው 4 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ሦስት ቀለበት ግድም ማለት ነው። ጠባብና ሰፊ ቀለበቶች እየተፈራረቁ ስለሚያያዙ ግን የሚጨመረው በጥንድ በጥንድ ነው። እኔ ቸኩዬ መጀመሪያ ቆረጥኩት፤ ኋላ የማርሹን ጥርስ ስቀይር አጠረኝና መቀጠል ነበረብኝ። ካቴና መቁረጥ የመጨረሻ ሥራ ይሁን።

ይህን ያህል ረጅም ካቴና እንዳይንገላታ መሐል ላይ አቅጣጫ የምታስይዘው ትንሽ ጎማ አለች። የላይኛው መስመር የእግራችሁን ኃይል በሙሉ ስለሚሸከም ጥርስ ያላትና ጥሩ ኩሽኔታ የገባባት ብትሆን ይሻላል። ባዶውን የሚመለሰው የታችኛው መስመር በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ሱሪም ከግሪስ ይተርፋል። የቱቦውን ጫፍ በሙቀት አለስልሳችሁ እንደ ጡሩምባ አፍ ብትከፍቱት ካቴናው አይፋቅም፣ ድምፁም ይቀንሳል። የግራው ፔዳል ደግሞ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ይህ በማንኛውም ሳይክል ያው ነው።

አሁን ዳገቱ። ስገዛው ከፊት ትንሹ ማርሽ 30 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 34 ነበር። የኋላው ጎማ አንድ ዙር 2.05 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ባዞርኩ ቁጥር 1.8 ሜትር እሄዳለሁ። የኋላውን በ42 ስተካው 1.46 ሜትር ሆነ። በደቂቃ 80 ጊዜ ባዞር ፍጥነቴ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ነው፤ እግሬ በቀላሉ ይሽከረከራል፣ ጉልበቴ አይጨናነቅም። ከዚህ የቀለለ ማርሽ አልፈለግሁም፤ ሁለት ጎማ በጣም ሲዘገይ ሚዛኑን ይስታል። ለ42ቱ ጥርስ ረጅም ክንድ ያለው ማርሽ ቀያሪም መግዛት ነበረብኝ። የፔዳሉንም ክንድ ከ170 ወደ 160 ሚሊ ሜትር አሳጠርኩት፤ ጉልበት ብዙ ሳይታጠፍ ፈጥኖ ይዞራል። ክንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር ግን አፍንጫው 1 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ካቴናውም እንደገና!

የቀረው ቀላል ነው። መስታወት የግድ ነው፤ ተደግፎ ወደ ኋላ መዞር አይቻልም። በረጅም ዘንግ ላይ የምትውለበለብ ባንዲራ ገዝቻለሁ፤ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ዝቅ ያለውን ቶሎ እንዲያይ።

ማይን ወንዝ ዳር ሦስት ሳምንት ከተለማመድኩ በኋላ ወደ ታውኑስ ኮረብታ ወጣሁበት። መጀመሪያ ሰሞን ለመነሳት እንኳ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትከሻዬን ስለቅቀው ቀጥ አለ። ጭኔም አዲሱን አገፋፍ ለመልመድ ጊዜ ወስዷል። ዳገቱ ላይ በተለመደው ሳይክል የሚወጡት ከኮርቻው ብድግ እያሉ አለፉኝ፤ እኔ ጀርባዬን ተደግፌ በዝግታ ዞርኩት፣ ከላይ ስደርስም ወገቤ አልደከመም።

መሞከር የምትፈልጉ ቅዳሜ ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ቁመታችሁን ላኩልኝ፤ አፍንጫውን አውጥቼ፣ ካቴናውን ቀጥዬ ልጠብቃችሁ። ትርፍ ቀለበቶቹን አስቀምጫቸዋለሁ።