ሳይቀሰቅሱት የሚነቃ ኮምፒውተር

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ሥራዋን አስቀምጣ ኮምፒውተሯን ትዘጋለች። ስክሪኑ ይጨልማል፤ የኬዙ ማራገቢያም ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄዶ ዝም ይላል። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ከማድረጓ ማራገቢያው እንደገና ያጉረመርማል፤ የአምራቹ ዓርማ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ደግማ ትዘጋዋለች፤ ደግሞ ይነሳል። ሰርቪሱ እንዳያመልጣት ስለምትቸኩል ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅላ ትሄዳለች።

ይህን ብዙ ቢሮና ብዙ ቤት ያውቀዋል። በማግስቱ የሚሰጠው ግምትም የታወቀ ነው፤ አንዱ «ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል፣ ሌላው «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ይደረጋል፤ ግማሽ ቀን ይባክናል፣ አንዳንድ ፋይልም ይጠፋል። ማታ ሲዘጋ ግን ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ይነሳል። የሚቀሰቅሰው ነገር ብዙ ጊዜ የሚኖረው ፎርማት ከማይደርስበት ቦታ ነውና።

ነገሩ የሚገባው በዛሬው ኮምፒውተር ላይ «መዝጋት» ምን ማለት እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ፒሲ በቀኝ ጎኑ ወደ ኋላ በኩል ትልቅ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረው። ያንን ማንሻ ዝቅ ማድረግ አምፖል ከማጥፋት አይለይም፤ ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ እዚያው ይቆረጣል። የተቆረጠበት ማሽን በራሱ ሊነሳ የሚችልበት አንድም መንገድ አልነበረውም። በዊንዶውስ 95 ዘመን የሠሩ ሰዎች፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን ጨርሶ «አሁን ብታጠፉኝ ጉዳት የለውም» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አውጥቶ እጃቸውን ይጠብቅ እንደነበር ያስታውሳሉ። ሶፍትዌሩ ራሱ ኤሌክትሪኩን መቁረጥ ስለማይችል የመጨረሻውን ሥራ ሰው ነበር የሚሠራው።

በ1995 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን አሠራር ሲያወጣ ይህ ተቀየረ። ፊት ለፊት ያለው ቁልፍ ኤሌክትሪክ መቁረጡን ትቶ ደወል ሆነ። ሲጫኑት ለማዘርቦርዱ «ተጠርተሃል» የሚል ምልክት ብቻ ያደርሳል፤ ለመነሳት የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው። ደወሉን የሚሰማ ደግሞ አንድ የነቃ አካል መኖር አለበት። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እንኳ ስታንድባይ የሚባለውን 5 ቮልት መስጠቱን አያቆምም። የግቢው ሰው ሁሉ ሲተኛ በር ላይ ነቅቶ የሚያድር ዘበኛ ማለት ነው።

ይህ ዘበኛ የሚታይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከማዘርቦርዱ ጋር በሚገናኝበት ባለ24 ቀዳዳ ሶኬት ላይ 9ኛው መስመር የስታንድባዩ ነው፤ ባለቀለም ሽቦ ባላቸው ሞዴሎች ሐምራዊ ይሆናል። 16ኛው አረንጓዴ ነው። ማዘርቦርዱ አረንጓዴውን መስመር ከመሬት ጋር ሲያገናኘው ፓወር ሰፕላዩ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል። ኬዙን መክፈት የማይፈልግ ሰው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ጀርባውን ይመልከት፤ የኔትወርክ ኬብሉ የተሰካበት ቦታ ላይ ትንሿ መብራት ስትበራ ሊያይ ይችላል። ማውሱም ከሥሩ ቀይ ብርሃኑን ይዞ የሚያድርበት ጊዜ አለ።

በ1996 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የተባለውን ደንብ ሲያወጡ የኮምፒውተር እንቅልፍ በደረጃ ተከፋፈለ። ኤስ3 ቀላል እንቅልፍ ነው፤ ሥራው ሁሉ በራም ላይ እንዳለ ይቆያል። በኤስ4 ሥራው ወደ ዲስክ ይገለበጥና ማሽኑ ይጠፋል። ኤስ5 እኛ «ዘጋሁት» የምንለው ነው፤ ዘበኛው ግን አሁንም በሩ ላይ አለ። ከዚህ ሁሉ በታች ያለውና ጂ3 የሚባለው ደረጃ ብቻ ነው እውነተኛ መጥፋት፤ እሱም ስፒናው ሲነቀል ወይም ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለው ማጥፊያ ሲዘጋ የሚመጣ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ስፒናውን ስትነቅል ዘበኛውን አሰናበተችው። በሩን ማን እንዳንኳኳ ግን ገና አልታወቀም።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው ምስክር ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ከተዘጋ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ተነሳ? ወዲያው ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ነው ወይስ መብራት ሄዶ ሲመጣ? እያንዳንዱ መልስ ጥርጣሬውን ወደ ጥቂት ነገሮች ያጠብበዋል።

ከመብራት እንጀምር፤ አዲስ አበባም ሆነ ክልል ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ቅርብ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚነበበው ባዮስ ውስጥ «ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ምን ላድርግ?» የሚል ቅንብር አለ። ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነው፦ ተነሳ፣ ጠፍተህ ቆይ፣ ወይም መብራቱ ሲሄድ ወደነበርክበት ተመለስ። የመጀመሪያው የተሠራው ለሰርቨርና ሰው አጠገቡ ሆኖ ለማይጠብቀው ማሽን ነው። ተራ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ባዶ ቢሮ ውስጥ ስክሪን ይበራል። ማታ ሁሉንም ነገር ከዲቫይደሩ የሚያጠፉ ሰዎችም ይህ ይገጥማቸዋል። ጠዋት የዲቫይደሩን ማብሪያ ሲጫኑ ኮምፒውተሩ ቁልፉ ሳይነካ ይነሳል፤ ለማሽኑ መብራት መጣ ማለት ነውና። ጉዳቱ በመገረም አያበቃም። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ብዙ ቤተሰብ መብራት ሲሄድ የፍሪጁን ስፒና የሚነቅለው ለዚህ ነው። በራሱ የሚነሳ ኮምፒውተር ግን ቮልቴጁ ሳይረጋጋ ዲስኩን ማዞር ይጀምራል።

ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ተጠርጣሪው ማንቂያ ነው። ባዮስ ውስጥ ልክ እንደ ስልክ ማንቂያ የሚሞላ ሰዓት አለ፤ ከኤስ5 እንኳ መቀስቀስ ይችላል። በባዮሱ 06፡00 ተብሎ የተጻፈው እኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት የምንለው መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሌላ መሥሪያ ቤት አገልግሎ የተሸጠ ኮምፒውተር የድሮ ባለቤቱን የሥራ መግቢያ ሰዓት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ዲስኩ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ያ ሰዓት አይጠፋም። ዊንዶውስም የራሱ ማንቂያዎች አሉት። ዊንዶውስ 10 ለጥገና የሚመድበው ሰዓት ካልተቀየረ በስተቀር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እነዚህ ግን የሚቀሰቅሱት የተኛን እንጂ በትክክል የተዘጋን ኮምፒውተር አይደለም። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚነሳ ማሽን ባለቤት በመጀመሪያ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል፦ ዘግቼው ነበር ወይስ አስተኝቼው?

ከጥቂት ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚነሳ ከሆነ ከውጭ የሚያንኳኳ አለ ማለት ይሆናል። ከሁሉ የሚደንቀው በኔትወርክ የሚመጣው ጥሪ ነው። የኔትወርክ ካርዱ በዘበኛው 5 ቮልት ነቅቶ አንድ የተለየ መልእክት ይጠብቃል። መልእክቱ 102 ባይት ነው፦ በመጀመሪያ 255 የሚለው ቁጥር 6 ጊዜ፣ ቀጥሎ የካርዱ የራሱ መለያ አድራሻ 16 ጊዜ ተደጋግሞ ይላካል። ካርዱ ስሙን 16 ጊዜ ሲጠራ ሲሰማ ማዘርቦርዱን ይቀሰቅሳል። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት የአይቲ ባለሙያ ሌሊት መቶ ኮምፒውተር ካለበት ሆኖ አንቅቶ ፕሮግራም የሚያድሰው በዚህ ነው። አንዳንድ ካርድ ግን ከዚህ ልዩ ጥሪ ውጭ ሌላም የኔትወርክ መልእክት እንዲቀሰቅሰው ተፈቅዶለታል፤ ያን ጊዜ ጎረቤት ኮምፒውተር «ማን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የተኛው ይነሳል። ዊንዶውስ ውስጥ በዲቫይስ ማኔጀር የካርዱን ቅንብር ከፍቶ፣ ልዩ ጥሪው ብቻ እንዲቀሰቅሰው ወይም ጭራሽ እንዳይቀሰቀስ ማድረግ ይቻላል። ማውስና ኪቦርድም ተመሳሳይ ፈቃድ አላቸው፤ ጠረጴዛው ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ማውስ በቂ ነው።

ወዲያው፣ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ የሚነሳው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው።

ዊንዶውስ ሲዘጋ ቢወድቅ፣ ማለትም ሰማያዊው የስህተት ስክሪን ቢመጣ፣ ሳይጠየቅ ሪስታርት እንዲያደርግ ሆኖ ነው የሚጫነው። ስህተቱ በዓይን ሳይታይ ስለሚያልፍ ለሰው የሚመስለው «ዘጋሁት፣ ተነሳ» ነው። በሲስተም ቅንብሩ ውስጥ ይህን ሪስታርት ማጥፋት በሽታውን ባይፈውስም ፊቱን ያሳያል፤ ሰማያዊው ስክሪን ከነስህተት ቁጥሩ ቆሞ ይቀራል፣ ጥፋተኛውን ድራይቨር ለማግኘትም መነሻ ይሆናል። ሁለተኛው በ2012 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው ፋስት ስታርት አፕ ነው። ይህ ሲበራ «ዝጋ» የተባለው ዊንዶውስ በእርግጥ አይዘጋም፤ የውስጥ ክፍሉን ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፣ ለዚህ ነው ጠዋት የሚፈጥነው። ከአሮጌ ማዘርቦርድ ወይም ካልታደሰ ድራይቨር ጋር ሲጋጭ ግን መዝጋቱ መሐል መንገድ ላይ ይበላሻል። ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ይዞ ሸት ዳውንን መጫን ለአንድ ጊዜ ሙሉ መዝጋት ያስገኛል። በዚህ መንገድ ሲዘጋ የማይነሳ ከሆነ ፋስት ስታርት አፕን ከኮንትሮል ፓነል ማጥፋት ነው።

ሶፍትዌርን ከሃርድዌር የሚለየው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። ኮምፒውተሩን አስነስቶ ዊንዶውስ ሳይጀምር ባዮስ ውስጥ መግባት፣ እዚያው እያለ ቁልፉን ከ4 ሰከንድ በላይ ተጭኖ ማጥፋት፣ ከዚያ መጠበቅ። ዊንዶውስ በዚህ ሁሉ ውስጥ እጁ የለበትም። አሁንም ከተነሳ ቫይረስን መወንጀልም ሆነ ፎርማት ማድረግ ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ የኔትወርክ ኬብሉን፣ ማውሱን፣ ኪቦርዱንና ሌላውን ዩኤስቢ ሁሉ ነቅሎ መድገም። ይህን ጊዜ ከቆመ አንድ በአንድ እየመለሱ ቀስቃሹን መያዝ ይቻላል።

ምንም ሳይሰካበት የሚነሳ ከሆነ ተራው የቁልፉ ነው። አቧራ የገባበት ወይም ላስቲኩ የደከመ ቁልፍ ተጭኖ ይቀራል፤ ለማዘርቦርዱ ያ ያልተቋረጠ ደወል ነው። ከቁልፉ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ስፒናው ተነቅሎ ሳለ አላቅቆ፣ ከዚያ ስፒናውን መልሶ ሰክቶ ማየት ነው። ዝም ካለ ቁልፉ ይቀየራል፤ ርካሽ ዕቃ ነው። ዝም ካላለ የሚቀረው ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ነው። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር በዓይን ይታያል። የስታንድባዩ መስመር በመልቲሜትር ሲለካ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ በታች እየዋዠቀ ከሆነ ዘበኛው ራሱ ታሟል፤ ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ሰክቶ መሞከር ያስፈልጋል። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ግን መክፈት አይገባም። በ220 ቮልት ሲሠራ ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ወደ 310 ቮልት ይይዛል፤ ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ያ ኃይል ወዲያው አይጠፋም።

ዘበኛውን ጨርሶ ሳያሰናብቱ ጆሮውን የሚደፍን ቅንብርም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ቁጥር 1275 የጠፋ መሣሪያ የሚበላው ኃይል ከ2010 ጀምሮ ከ1 ዋት፣ ከ2013 ጀምሮ ከግማሽ ዋት እንዳይበልጥ አዘዘ። አምራቾች ለዚህ ሲሉ ብዙ ባዮስ ውስጥ ኢአርፒ የሚል ምርጫ ጨመሩ። ሲበራ ለኔትወርክ ካርዱና ለዩኤስቢው የሚሄደው የሌሊት ኃይል ይቋረጣል፤ የማውሱ ቀይ ብርሃንና የኔትወርኩ ትንሽ መብራት ይጠፋሉ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሳለ ከሳምንት በኋላ ችግሩ የሚመለስበት ኮምፒውተር አለ። እዚህ ላይ የሚታየው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ3 ቮልት ባትሪ ናት። ስፒናው ሲነቀል የባዮሱን ሰዓት የምታስኬደው እሷ ናት፤ በብዙ ማዘርቦርድ ላይ ቅንብሩን ሳይረሳ የምታቆየውም እሷ ናት። ስፒናው ተሰክቶ ሲያድር የስታንድባዩ ኃይል ያግዛታል፤ በየማታው የሚነቀል ኮምፒውተር ላይ ግን ሌሊቱን ሁሉ የምትሠራው ብቻዋን ስለሆነ ቶሎ ትደክማለች። ስትሞት ባዮሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ቅንብር ይመለሳል። «መብራት ሲመጣ ተነሳ» የሚለውም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ምልክቷ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይገኛል፣ ብሮውዘሩም ድረ ገጾችን አልከፍት ይላል።

ስለዚህ የሒሳብ ሠራተኛዋን ኮምፒውተር የሚያይ ባለሙያ ሥራውን ከባትሪዋ ቢጀምር ይቀናዋል። አዲስ ባትሪ፣ ትክክለኛ ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ የባዮሱን የመብራትና የማንቂያ ቅንብር፣ ከዚያ ፋስት ስታርት አፕን፣ በመጨረሻም የኔትወርክ ካርዱን ፈቃድ ማስተካከል። ቅንብሩን ሴቭ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ስፒናውን እንደተሰካ ይተወዋል። ጠዋት ኢቨንት ቪወርን ሲከፍት ዊንዶውስ የመዝጋቱን ሰዓት በቁጥር 6006፣ የመነሳቱን ሰዓት በቁጥር 6005 መዝግቦ ይጠብቀዋል። ትናንት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ባለው 6006 እና ዛሬ ጠዋት ሠራተኛዋ ቁልፉን ስትጫን በተጻፈው 6005 መካከል ሌላ መስመር ካልገባ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ አድሯል።