ኦፕራሲዮን ላይ ስትተኙ ማን ነው የሚጠብቃችሁ?



ኦፕራሲዮን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቀዶ ሐኪሙ ብቻ ነው። የሰመመን (አኔስቴዢያ) ባለሙያው ግን መርፌ ወግቶ አይሄድም፤ ትንፋሻችሁን፣ የልብ ምታችሁንና ደም ግፊታችሁን እየተከታተለ እስክትነቁ አጠገባችሁ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ማስተኛት የለበትም።

የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 የሰመመን ሐኪም ይመክራል። በአገራችን የመንግሥት ሆስፒታሎች ስራውን በብዛት የተሸከሙት ሐኪም ያልሆኑ፣ በሙያው በዲግሪ የተመረቁ ባለሙያዎች ናቸው። እንደ ኮላ ድባ ባለ የወረዳ ከተማ ሌሊት ምጥ የጠናባት እናት መጥታ ባለሙያው ከሌለ፣ ያለው አማራጭ ወደ ጎንደር ሪፈር ነው። ስለዚህ ጥናት ሲደረግ "ስንት ባለሙያ አለ?" ብቻ ሳይሆን "አንዱ ስንት ሰዓት ይሰራል? ሲደክመው ማን ይተካዋል?" ተብሎም ይጠየቅ።

እናንተስ ምን ታግዙ?

✔ ቀጠሮ ካላችሁ፣ ሐኪም ሌላ ካላዘዘ፣ ኦፕራሲዮኑ 8 ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ውሃ አቁሙ። አጥሚትና ጠላ እንደ ምግብ ይቆጠራሉ!
✔ ድንገተኛ ከሆነ የበላችሁትን አትደብቁ። ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ባለሙያው አሰራሩን ይቀይራል።
✔ የምትወስዱትን መድኃኒትና አለርጂ ካለባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ለነፍሰ ጡር ቤተሰቦች ሼር አድርጉላቸው። ጤና ይብዛላችሁ!