ያውቁ ኖሯል? ሐረር፣ ሰው የሚኖርባት ሙዚየም

ሐረርን የከበበው የጀጎል ግንብ የተሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጥንቱ በሮች አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ኋላ የተጨመረ ነው። በግንቡ ግርጌ ደግሞ ጅቦች ሌሊት የሚሹለኩባቸው ቀዳዳዎች አሉ።

በዚህ ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች መኖራቸውንስ? ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። ሐረሪዎች የሚያከብሩት የሹዋሊድ በዓልም በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለእኔ ግን ከሐረር ቅርሶች ሁሉ የሚልቀው መኖሪያ ቤቱ ነው። ጌይ ጋር ይሉታል። ጫማዎን አውልቀው ሲገቡ ከፍና ዝቅ ያሉ «ነደባ» የሚባሉ አምስት መደቦች ይቀበሉዎታል። የት እንደሚቀመጡ የሚወስነው ዕድሜና ክብር ነው። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ካዩ፣ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። የመደቡ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ ሐረሪዎች ይናገራሉ። ይህን ለማየት ሰው ቤት በእንግድነት መግባት ካልሆነልዎ የሐረሪ ባህል ማዕከል አለልዎ።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር መጥቶ በንግድ ሥራ ኖሯል፤ ከተማዋንም በካሜራ አንስቷል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ባለፎቅ የእንጨት ቤት ግን ከእሱ በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ቢሆንም አይለፉት፤ የጥንቷን ሐረር ፎቶዎች የሚያገኙት እዚያ ነው።

ጊዲር መጋላ ገበያ ሥጋ ከገዙ ወደ ላይም ይመልከቱ፤ ጭልፊቶቹ ከእጅ ይነጥቃሉ።

የሸሪፍ ሙዚየም የአንድ ሰው ስብስብ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ከየቤቱ ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሐረር ራሷ ያሳተመቻቸው ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና የድሮ የዘፈን ቅጂዎች በራስ ተፈሪ ቤት ተቀምጠዋል። የተጎዱ መጻሕፍትም እዚያው ይጠገናሉ፤ አዲስ ሽፋን ይለብሳሉ። እርስዎም ከአያት የወረሱት አሮጌ መጽሐፍ ካለዎት ለቱሪስት አይሽጡት። ለሙዚየም ያሳዩት።