በሐይቅ ዳር ያለ ብዙ ወጪ የሚውሉት የዕረፍት ቀን

የዕረፍት ቀን የተሰጠው ሥራን ለማቆም ብቻ አይደለም። የደከመ ሰውነት እንዲበረታ፣ የተጨናነቀ አእምሮ እንዲፍታታ፣ ሳንባም ንጹሕ አየር እንዲቀበል ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ዕረፍት ያለ ገንዘብ የማይገኝ ይመስለዋል። ስለዚህ በሐራና በአካባቢዋ ቆላ የሚኖር መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ኪሱን ዳስሶ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው፣ የበዓሉን ቀን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት ተጨንቆ ያሳልፈዋል። ይህ ለጤና የማይበጅ ልማድ ነው፤ ገንዘብ የማይጠይቅ መልካም መዋያ በአገራችን አለና።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ቢሆንም የውሃ ዳር ነፋስ የሚናፍቅ የወሎ ሰው ሐይቅ አለው። በግዕዝ ቋንቋ «ሐይቅ» ማለት የባሕር ዳር፣ የውሃ ጠረፍ ማለት ስለሆነ፣ ስሙ ራሱ ወደ ዳርቻው የሚጠራን ይመስላል። ከሐራ የሚነሣ መንገደኛ ከወልድያ ወደ ደሴ ወደሚወስደው አውራ ጎዳና ወጥቶ፣ መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘውን የሐይቅን ከተማ ያገኛል። የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅና ማልዶ መነሣት ይገባል። ከመሳፈሪያው ዋጋ በቀር የቀኑ ደስታ ገንዘብ አይጠይቅም።

በዚያ ምን ይደረጋል ቢባል፣ የመጀመሪያው በእግር መሄድ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ በዳርቻው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት የተጓዘ ሰው ልቡ ይበረታል፣ ደሙ ይዘዋወራል፣ ሌሊትም መልካም እንቅልፍ ይተኛል። ሁለተኛው ማየትና መመርመር ነው። ተማሪዎች የውሃ ወፎችን እየተመለከቱ መልካቸውንና አበላላቸውን በደብተራቸው ይጻፉ፤ የሐይቁን ቅርጽና በዙሪያው ያሉትን ተራሮች ይሳሉ። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲጎትቱ ቆሞ መመልከትም ትምህርት ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1971 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ ነው ብሎ መምህሩ ቢነግራቸው፣ ሰው ተፈጥሮን እንዴት እንደሚለውጥ በዓይናቸው ይረዳሉ።

ሦስተኛው የታሪክ ትምህርት ነው። በሐይቁ ውስጥ ወደ ውሃው ገብቶ በሚታየው ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ይህ ስፍራ ቀድሞ ደሴት ነበረ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች አይገቡበትም፤ ስለዚህ ልጃገረዶችን የሚመራ መምህር ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በመንገድም ላይ ውጫሌ ሲደረስ፣ በዚያ አጠገብ በይስማ ንጉሥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ማስታወስ ይገባል። የአማርኛውና የጣልያንኛው 17ኛ አንቀጽ አለመስማማት በ1888 ዓ.ም. ለተደረገው ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት እንደሆነ፣ ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ ብቻ ያነበበና በስፍራው ቆሞ የሰማ ልጅ እኩል አያስታውሱትም።

ለምሳ ቆሎ፣ ዳቦና ጭኮ፣ እንዲሁም የመርሳ ፍራፍሬ ይበቃል። ፍራፍሬው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ የሚጠጣውም ውሃ ከቤት ፈልቶ በኮዳ ይያዝ። ከምሳ በኋላ በጥላ ሥር ገበጣ መጫወት፣ ተረት መተረትና እንቆቅልሽ መጠያየቅ ለትንሹም ለትልቁም ደስታ ነው።

እስከዚህ ያልነው ሁሉ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ የጎደለው እንደሆነ ዋጋው በኋላ በጤና ይከፈላል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት አባቶች የሚያውቁትን ተናግረዋል። የሐይቁ ጥልቀት 80 ሜትር ያህል የሚደርስበት ስፍራ አለ። ዋና የማያውቅ ልጅ ከዳር ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ ልጆች ያለ ጠባቂ ወደ ውሃው አይቅረቡ፤ መምህሩም ሲደርስና ሲመለስ ቁጥራቸውን ይቁጠር።

ሁለተኛው አደጋ በዓይን አይታይም፤ እርሱም ብልሃርዚያ ነው። በሐይቅ ከተማ በተማሪዎች ላይ የተደረገ ምርመራ በሽታው በዚያ መኖሩን አረጋግጧል። አመጣጡም እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው በውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቁላል ወደ ውሃው ይገባል። ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በዳርቻው ሣር መካከል በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያም ወጥቶ በውሃው ይዋኛል፤ የሚታጠብ ወይም የሚዋኝ ሰው ሲያገኝ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ሰውየው ምናልባት ጥቂት እከክ ይሰማው ይሆናል እንጂ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ከጊዜ በኋላ ግን የሆድ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይመጣል፤ ሕክምና ያላገኘም እንደሆነ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ። ልጁ ይደክማል፣ ትምህርቱም ይበድላል።

ስለዚህ የሐይቁን ውበት በዓይን መጥገብ እንጂ በዳርቻው ውሃ ውስጥ መዋኘት፣ በባዶ እግር መግባት ወይም ልብስ ማጠብ አይገባም። ለመታጠቢያ የሚፈለግ ውሃ ይፍላ፤ ወይም ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት ተጠልሎ በንጹሕ ዕቃ ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ እጩ ከዚያ በላይ አይኖርምና። ለመጠጥ የሚሆነው ግን መፍላት አለበት። ሰውነትን በፎጣ ማድረቅ ብቻውን አያድንም።

በዚህ ነገር ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ለዓለም የሚጠቅም ነገር አሳይተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድም ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። ለዚህም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ማንም በገዛ ፈቃዱ ወደ ሐይቁ ሊጨምረው አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ በእኛ በጎብኚዎች እጅ ነው። ሐይቁ ወንዝ አይደለም፤ ውሃው በምድር ላይ ፈስሶ የሚወጣበት መውጫ የለውም። በወንዝ ዳር የተጣለ እድፍ ወደ ታች ወርዶ የሌላው ሰው ጣጣ ይሆናል፤ በሐይቅ የተጣለ ግን ለባለቤቱና ለጎረቤቱ እዚያው ይቆያል። መጸዳጃ ቤት ካለ በዚያ መጠቀም፤ ከሌለ ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ በዐፈር መክደን ግዴታ ነው። ከዚያም እጅን ከሐይቁ ርቆ፣ ከቤት በመጣ ውሃና ሳሙና መታጠብ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስና ከረጢት የያዘ ሰው ይዞት ይመለስ። እንዲህ ያደረገ ጎብኚ ከቀንድ አውጣው በፊት የበሽታውን መንገድ ዘግቶታል፤ ብልሃርዚያን ወደ ውሃው የሚያስገባው ሰው ነውና።

በዚያ የሚያድር ሰው ቢኖር ወባ ስለሚያሰጋ አጎበር ይያዝ፤ ምሽት ሲሆንም እጅና እግርን የሚሸፍን ልብስ ይልበስ። ሳያውቅ ወደ ውሃው የገባ ሰውም አይሸበር። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከቆየ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ዓይነ ምድሩን ይመርመር፤ ከዚያ በፊት ትሉ ስላልጎለመሰ ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ከተሰማው ግን ቀኑን ሳይጠብቅ ይሂድ። በሽታው ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድነዋል።

ወደ ሐይቅ ለመሄድ የመሳፈሪያ ገንዘብ የሌለውም ተስፋ አይቁረጥ። በመርሳና በስሪንቃ የዛፍ ጥላ ሥር የማለዳ ጉዞ ማድረግ ይቻላል። በወንዝም ዳር የነገርነው ጥንቃቄ ሁሉ ያው ነው።

ክቡራን መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ፣ ከመነሣታችሁ በፊት በክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ቀንድ አውጣውና ስለ ትሉ አስተምሯቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ያን ግማሽ ሰዓት የተማረ ልጅ በሐይቁ ዳር ተደስቶ ይውላል፤ ወደ ሐራም ጤናውን ይዞ ይመለሳል።