ፊኛዋን ሳይሆን ጉጧን

ባለፈው ጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ ሶዶ ውስጥ አንድ ሰውዬ ሸራ ወጥሮ፣ ፊኛ ደርድሮ፣ በአየር ጠመንጃ ያስተኩስ ነበር። አምስት ጊዜ ተኩሼ አንዷም አልፈነዳችልኝም። ርቀቱ እኮ 8 ሜትር ቢሆን ነው! ጠመንጃው ጠማማ ነው ብዬ ተናድጄ ልሄድ ስል አጎቴ ሳቁብኝ። የድሮ ወታደር ናቸው።

«ምኑን እያየህ ነው የምትተኩሰው?»

«ፊኛውን ነዋ፣ ጋሼ!»

«በል እንግዲህ፣ ጥፋትህ እሱ ነው።»

ቤት ገብቼ ነገሩን ሳጣራው እውነታቸውን ነው። ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች ትንሽ ብረት አለች፤ ጉጥ እንበላት። ወደ ዓይናችን ጠጋ ብሎ ደግሞ መሃሉ የተሰነጠቀ ብረት አለ። ጉጧ ስንጥቁ መሃል ትገባለች። ከግራና ከቀኟ የሚታየው ብርሃን እኩል ይሆናል፤ አናቷም ከስንጥቁ አፍ ጋር ይስተካከላል። ዒላማው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጣጣው ያለው ዓይናችን ላይ ነው። ስንጥቁ ቅርብ፣ ጉጧ ትንሽ ራቅ ያለች፣ ዒላማው ደግሞ ሩቅ ነው፤ ዓይን ሦስቱንም ባንዴ አጥርቶ ማየት አይችልም። ሶዶ ያላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። ወደ ዳሞታ ተራራ ዙሩ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እስክሪብቶ ያዙ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ተራራውን ስታዩ እስክሪብቶው ይደበዝዛል፤ እስክሪብቶውን ስታዩ ዳሞታ ጉም የለበሰ ይመስላል። ተኳሽ መምረጥ አለበት፤ የሚመርጠውም እስክሪብቶውን ነው።

ለምን? ሒሳቡን እዩት። ክላሽ ላይ በስንጥቁና በጉጧ መካከል ያለው ርቀት 37.8 ሳንቲሜትር ነው። 100 ሜትር ማለት የዚህ 264 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ጉጧ ከስንጥቁ መሃል 1 ሚሊሜትር ብቻ ዘወር ብትል፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ 26 ሳንቲሜትር ይስታል። ጉጧና ስንጥቁ እንደተስተካከሉ ጠመንጃው እንዳለ 1 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ቢሸሽስ? ጥይቱም የሚስተው ያንኑ 1 ሳንቲሜትር ነው። እኔ ፊኛዋ ላይ አፍጥጬ ጉጧ የት እንዳለች እንኳ አላየሁም ነበር።

ጋሼ መልሰው አስተኮሱኝ፤ ለሦስት ጥይት እሳቸው ከፈሉ። ጉጧን አጥርቼ፣ ፊኛዋን አደብዝዤ፣ ትንፋሼን ግማሽ አስወጥቼ፣ ቃታውን ቀስ ብዬ ሳብኩ። ሦስቱም ሳቱ! ግን ሦስቱም ሸራው ላይ አንድ ቦታ፣ ከፊኛዋ በስተግራ፣ መዳፍ በማትሞላ ስፋት ውስጥ አረፉ። «አሁን ጥፋቱ የጠመንጃው ነው» አሉኝ። የተበታተነ ስህተት የተኳሹ ነው፤ በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ስህተት ግን የማነጣጠሪያው። (ስለዚህ መጀመሪያ ጠመንጃውን ስጠረጥር ግማሽ እውነት ነበረኝ ማለት ነው፤ ይመዝገብልኝ።)

የኋላው ብረት ከፍ ዝቅ የሚለውም በምክንያት ነው። ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ይወድቃል። ወላይታ ውስጥ ስለ ጠመንጃ ሲነሳ ንጉሥ ጦና የተማረኩበት የ1887 ዓ.ም. ጦርነት መነሳቱ አይቀርም፤ ያኔ በምኒልክ ጦር እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። የውጅግራ ጥይት ከባድና ዘገምተኛ ነበር፤ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ቢወጣም 200 ሜትር እስኪደርስ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። የክላሽ ጥይት እዚያው ርቀት ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ነው የሚወርደው። የኋላውን ብረት ከፍ ስታደርጉት አፈሙዙ ሳታውቁት ወደ ላይ ይቀናል፤ ውድቀቱ የሚካካሰው በዚህ ነው።

ስንጥቅ የሌላቸው ጠመንጃዎችም አሉ። የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ጦርነት ላይ ይዞት የነበረው የአሜሪካ ኤም 1 ጠመንጃ ከኋላ ያለው ክብ ቀዳዳ ነው። ዓይን በቀዳዳ ሲያይ መሃሉን ራሱ ይፈልጋል፤ ጠባብ ቀዳዳ ደግሞ የደበዘዘውን ያጠራል። መነጽር የረሳ ሰው ጣቶቹን ጠበብ አድርጎ አጮልቆ ሲያነብ አይታችሁ ይሆናል፤ ነገሩ ያው ነው። ለኔ ከስንጥቅ ቀዳዳ ይሻላል። ጋሼ ግን ክላሽ ላይ ስላደጉ በዚህ አንስማማም። ይልቅ አሁን ስልሳን አልፈዋልና ክንድ ርቀት ላይ ያለችው ጉጥ ራሷ ትደበዝዝባቸዋለች። ፊኛዋ ግን ጥርት ብላ ትታየኛለች ይላሉ።

በነገራችን ላይ የአየር ጠመንጃ መጫወቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ዓይን ያጠፋል። ልጆች ከሸራው አጠገብ እንዳይቆሙ አድርጉ። እኔና ጋሼ ለመጪው ጊፋታ ተወራርደናል፤ ሰውዬው ዘንድሮም ከመጣ እዚያው እንገናኝ።