የርቀት ረዳትና ያልተነገረው ዕውቀት



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በርቀት ለሚሠራ የጥናት ረዳት ሥራን በውክልና ስለ መስጠት ነው። በርቀት የተሰጠ ሥራ ሲበላሽ ብዙዎቻችን ምክንያቱን በረዳቱ ትጋት ማነስ ወይም በኢንተርኔት መቆራረጥ እናሳብባለን። የእኔ መከራከሪያ፣ አብዛኛው ስሕተት የሚመነጨው አሠሪው በልቡ ይዞ ሳይናገረው ከቀረው ነገር ነው የሚል ነው።

ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው «ዘ ታሲት ዳይሜንሽን» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ከሰው ዕውቀት ብዙው ክፍል በቃል ሳይገለጥ በልምድ ውስጥ እንደሚኖር አስረድቷል። በአንድ ቢሮ ስንሠራ ይህ ዕውቀት ሳይታወቀን ይተላለፋል፤ ረዳቱ አሠራራችንን ያያል፣ ይጠይቃል፣ ወዲያው ይታረማል። ርቀት ይህን መንገድ ይዘጋዋል።

ለምሳሌ፣ በድምፅ የተቀዱ የአማርኛ ቃለ መጠይቆችን ወደ ጽሑፍ እንዲገለብጥ በዋሽንግተን ለሚኖር ረዳት ሥራ ሰጠን እንበል። «ገልብጠህ ሐሙስ በ3 ሰዓት ላክልኝ» የሚለው ትእዛዝ ግልጽ ይመስላል። ይሁንና 3 ሰዓት በማን አቆጣጠር ነው? የእኛ የጠዋቱ 3 ሰዓት በውጭው አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ ዋሽንግተን ደግሞ እንደ ወቅቱ ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትዘገያለች።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚከብደው የይዘቱ ጉዳይ ነው። ተናጋሪው ሲያመነታ ወይም ዝም ሲል ይመዝገብ ወይስ ይዘለል? የጎንደር ወይም የወሎ አነጋገር እንደ ተነገረ ይጻፍ ወይስ ወደ መደበኛው አማርኛ ይመለስ? ረዳቱ በቅንነት «ያስተካከለው» አነጋገር ለጤና ጥናት ጉዳት ላይኖረው ይችላል፤ ለዘዬ ጥናት ግን የመረጃው መጥፋት ነው። ሞክሼ ፊደላትም እንዲሁ ናቸው። ልዩ ማስተካከያ ካልተደረገለት ኮምፒውተር «ፀሐይ»ንና «ጸሀይ»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራል፤ አጻጻፉ አስቀድሞ ካልተወሰነ ኋላ በፍለጋ የሚገኘው ውጤት ጎዶሎ ይሆናል።

ስለዚህ ከትእዛዙ ጋር ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይላኩ፦ የሥራው ዓላማ፣ በእኛው እጅ ተሠርቶ ያለቀ አጭር ናሙና፣ የረዳቱም የመወሰን ሥልጣን ወሰን። ምን በራሱ ይወስናል? ምን አስቀድሞ ይጠይቃል? ምንስ ፈጽሞ አያደርግም? የድምፅ ቅጂን ያለ ፈቃድ በኢንተርኔት አገልግሎት ላይ መጫን ከመጨረሻዎቹ ይመደባል። ቀጥሎ ረዳቱ 10 ደቂቃ ብቻ ገልብጦ ይላክ፤ ሌላው ሥራ የሚቀጥለው ያ ከታረመ በኋላ ነው። ያልተሰማውን ቃል ደቂቃውን ጠቅሶ ምልክት አድርጎ ይለፈው። በሰዓት ልዩነት ምክንያት አንድ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ሙሉ ቀን ሊያልፍ ይችላልና፣ በየጥያቄው መቆም ሥራውን ያጓትተዋል።

በመጨረሻ፣ ሥራ በውክልና ይሰጣል፤ ኀላፊነት ግን አብሮ አይሄድም። ቃሉን የሰጠን ሰው አደራ የጣለው በተመራማሪው ላይ ነው። የጽሑፉ ትክክለኛነት፣ የተጠያቂው ምስጢር መጠበቅ፣ የረዳቱ ተገቢ ክፍያና በጥናቱ ውስጥ በምስጋና መጠቀሱ ሁሉ የተመራማሪው ዕዳ ናቸው።