የአልካላይን ውኃ ማሽን ለቤት ሲመረጥ

አዮናይዘር የተባለው፣ በገበያ ግን «የአልካላይን ውኃ ማሽን» በሚል ስም የሚታወቀው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ዋጋው ከጥቂት መቶ እስከ ብዙ ሺህ የአሜሪካ ዶላር የሚደርስ ነው። ስለሆነም በቢቸናም ሆነ በሞጣ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ዕቃውን ለደንበኛው ከማስመጣቱ አስቀድሞ፣ መሣሪያው የሚሠራውን፣ ይልቁንም የማይሠራውን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በውስጡ በፕላቲነም የተለበጡ የታይታኒየም ዝርግ ብረቶች አሉ፤ በመካከላቸውም ስስ መለያ ተዘርግቷል። ኤሌክትሪክ በተለቀቀ ጊዜ በኔጋቲቩ በኩል የሚያልፈው ውኃ ሃይድሮጅን ይለቅና አልካላይን ይሆናል። በፖዘቲቩ በኩል ያለው አሲድነት አግኝቶ በሌላ ቱቦ ይወጣል። ይህ ሁለተኛው ለመጠጥ የሚሆን አይደለም፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ግን በከንቱ ከሚፈስ በጄሪካን ተጠራቅሞ ለወለል ማጠቢያ ቢውል መልካም ነው።

ትልቁ ስሕተት የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። መሣሪያው የውኃውን ጠባይ ይለውጣል እንጂ ጀርም ለመግደል የተሠራ አይደለም። እንዲያውም በብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ የሚገጠመው የከሰል ማጣሪያ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለውን ክሎሪን ይወስዳል። ጣዕሙ በእርግጥ ይሻሻላል፤ ነገር ግን ውኃው በጄሪካን ወይም በእንስራ ሲያድር ከጀርም የሚጠብቀው ነገር አይኖርም። በኋላ ክሎሪን ልጨምርበት ቢባል ደግሞ፣ ፒኤቹ ከ8 በላይ በሆነ ውኃ ውስጥ የክሎሪን ኃይል ይደክማል። ከዚህ ማሽን የሚወጣው የመጠጥ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ድረስ ነው። ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ የሚቀዳ ቤተሰብ የሻጩን ቃል አምኖ ማፍላቱን የተወ እንደሆነ ልጆቹን ለተቅማጥ አሳልፎ ይሰጣል።

ለእንዲህ ያለው ቤት አስቀድሞ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክም የቧንቧ ግፊትም የማይፈልገው ባለ ሁለት ዕቃው የሸክላ ማጣሪያ፣ ወይም ክሎሪን፣ ወይም እሳት ነው። ስለ እሳቱ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እንደ ቢቸናና እንደ ሞጣ ባለ ደጋ ቦታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ጀርሙን ለመግደል ይበቃል፤ ብቻ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይመከራል።

ስለ ፈውስ የሚነገረውም መመጠን አለበት። በጃፓን አገር መሣሪያው ለሆድ ሕመም ስሜት ማቃለያ ተብሎ ለቤት አገልግሎት ተፈቅዷል። ስኳርን ወይም ካንሰርን ይፈውሳል ማለት ግን ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው፤ የደምን ፒኤች የሚጠብቁት ሳንባና ኩላሊት ናቸው። የኩላሊት ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር ይህን ውኃ ሊያዘወትር አይገባውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል መሆኑንም ነጋዴው ይወቅ።

ይህን ሁሉ አውቆ፣ የተጣራ የቧንቧ ውኃና አስተማማኝ መብራት ያለው ደንበኛ ማሽኑን ልግዛ ቢል፣ አስመጪው በመጀመሪያ ቮልቱን ይመልከት። ለጃፓን ገበያ የተሠራው በ100 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ቀጥሎም በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውኃ በብረቶቹም ላይ እንዲሁ ስለሚጋገር፣ ራሱን የሚያጥበው ዓይነት ይመረጣል። ማጣሪያው በየጊዜው የሚለወጥ ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ ለሌላው ብዙውን ጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ ለሞጣ ደንበኛ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል በምን ያህል ጊዜና በምን ዋጋ እንደሚያገኝ ከአስመጪው ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ ቢዋዋል ይሻለዋል።